እምቢ ያለው የኋላ ጎማ

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ጭር ያለ መንገድ ዳር አንዲት ያረጀች ስኩተር በመቆሚያዋ ቆማለች። ከኋላ ጎማዋ ሥር የጥናት ክፍል ኃላፊው ተንበርክኳል። ኮቱን አውልቆ ኮርቻው ላይ በጥንቃቄ አጥፎታል፤ ከረባቱን ግን አልነካውም። ከረባት ያወለቀ ሰው ምኑን ኃላፊ ሆነ? መሪውን ይዞ የቆመው የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ነው። ስኩተሯን ዘጠኝ ዓመት ነድቷታል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። የኃላፊው መኪና ጋራዥ ስለገባች፣ ዛሬ ጠዋት ከተላላኪው ጀርባ ተፈናጥጦ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እየሄደ ሳለ ጎማው ተነፈሰ። ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ክርክሩም ከተጀመረ ቆይቷል።

ኃላፊው፦ ወደ ቀኝ ነው አልኩህ እኮ!

ተላላኪው፦ ጌታዬ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ይጠብቃል።

ኃላፊው፦ የማን ቀኝ? የእኔ ቀኝ ነው የጎማው ቀኝ?

ተላላኪው፦ ጎማ ደግሞ ቀኝ አለው እንዴ?

ኃላፊው፦ ይኸው! ይህን እንኳ ሳያውቅ ነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲነዳ የኖረው። እግዚአብሔር ነው የጠበቀህ።

ተላላኪው፦ እኔ የማውቀው ዳዶውን እያጠበቁት መሆንዎን ነው።

ኃላፊው፦ (ቁልፉን ይዞ እያማጠ) እያጠበቅሁት ነው! አውቄ ነው የማጠብቀው! ብረት እንደ ሰው ይደክማል። «የብረት ድካም» የሚባል ሳይንስ አለ፤ ሰምተህ አታውቅም። መጀመሪያ አጥብቀህ፣ አጥብቀህ፣ አጥብቀህ ታደክመዋለህ። ከዚያ እጁን ይሰጣል።

ተላላኪው፦ ሩብ ሰዓት ሆነዎት እኮ። እስካሁን የደከመው ማን ነው?

ኃላፊው፦ (ቆም ብሎ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል) ሁለታችንም። እሱ ግን አያስታውቅበትም።

ተላላኪው፦ ማዶ ጎሚስታ አለ፤ ያችውልዎ ሰማያዊዋ በር። እየገፋሁ ላድርሳት? አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ኃላፊው፦ ጎሚስታ? ለአንዲት ጎማ? «የውጭ ጥገናን በውስጥ አቅም ስለመተካት» የሚለውን ጥናት ማን ነው የጻፈው?

ተላላኪው፦ እርስዎ።

ኃላፊው፦ ስንት ገጽ ነው?

ተላላኪው፦ ሰማንያ አንድ። ፎቶ ኮፒ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ።

ኃላፊው፦ ታዲያ ሰማንያ አንድ ገጽ ጽፌ ስጨርስ ጎሚስታ ደጃፍ ልቁም? ጠላቶቼ ቢያዩኝስ?

ተላላኪው፦ እዚህ ጠላት የለዎትም ጌታዬ። ጎሚስታው ብቻ ነው በርጩማ አውጥቶ የተቀመጠው።

ኃላፊው፦ (ወደ ማዶ ገልመጥ አድርጎ) ምን ያያል እሱ?

ተላላኪው፦ እንዲያው ሲያዩት የሚስቅ ይመስላል። ፀሐዩ ይሆናል።

ኃላፊው፦ ይሳቅ! አሁን ያየኛል። ጎማ ለምን እንደሚተነፍስ እንኳ አያውቅም፤ ሚስማር ነው ይልሃል። ሕዝቡ ሁሉ ሚስማር ነው ይላል! አየር ሲሞቅ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋ ቦታ ይጠበዋል፤ ሲጠበው ይወጣል። አለቀ። ሙቀት ነው።

ተላላኪው፦ የፊተኛው ለምን አልሞቀውም?

ኃላፊው፦ የፊተኛው ነፋስ ያገኘዋላ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በል፣ አሁን ወደ ግራ እሞክራለሁ። አንተ ስላልክ አይደለም። የድካሙ ደረጃ ስለተጠናቀቀ ነው።

(ቁልፉን ወደ ግራ ይገፋል። ዳዶው ሳይላቀቅ ጎማው አብሮት ይዞራል። ኃላፊው ሚዛኑን ስቶ በክርኑ መሬት ይደግፋል።)

ኃላፊው፦ አንተ! ምን ይገትርሃል? የኋላ ፍሬኑን ጨብጠው እንጂ! ጎማው አብሮኝ እየዞረ አታይም?

ተላላኪው፦ እሺ ጌታዬ። (በግራ እጁ የፍሬኑን መያዣ ጥርቅም አድርጎ ይጨብጣል)

ኃላፊው፦ ደህና አድርገህ! ደግሞ እኔ ሳልልህ እንዳትለቅ። አንተ ነገር ትጀምርና እንቅልፍ ይዞህ ይሄዳል። ሰማህ? እኔ፣ ልቀቅ፣ ሳልልህ!

ተላላኪው፦ እርስዎ ልቀቅ ሳይሉኝ አለቅም።

(ኃላፊው ቁልፉ ላይ በእግሩ ይቆምበታል። ዳዶው ጢጥ ብሎ ይላላል። ኃላፊው በጣቱ ፈትቶ ያወጣውና እንደ ተሸለመው ሜዳሊያ ወደ ፀሐዩ አንስቶ ያየዋል።)

ኃላፊው፦ አየህ? አየህ አይደል? ድካም!

ተላላኪው፦ አየሁ። ልልቀቅ?

ኃላፊው፦ ማን ጠየቀህ? እኔ ሥራ ስጀምር አትነዝንዘኝ። (ኮቱ ሥር ያለውን ፖስታ ነካ ነካ አድርጎ መኖሩን ያረጋግጣል) ተለዋጩን ጎማ አስገባለሁ፣ አራት ሰዓት ሲል ፖስታዬን ይዤ ጠረጴዛው ላይ ነኝ።

ተላላኪው፦ የማቆያው ነገር ነው አይደል ዛሬ የሚቀርበው?

ኃላፊው፦ አንተን ማን ነገረህ?

ተላላኪው፦ እሱንም ኮፒ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ኃላፊው፦ ኮፒ አድርግ ነው እንጂ አንብብ ማን አለህ?

ተላላኪው፦ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ሲቀረቀር ቆሜ ከምጠብቅ ብዬ ነው። «የሕፃናት ማቆያ ክፍሉን ወደ እንግዳ መቀበያ ሳሎን ስለመለወጥ» ይላል።

ኃላፊው፦ ይላል! ከእኔ ቢሮ ሁለት በር ነው የሚርቀው። ሰው በዚያ ሁካታ መሀል ምን ያጠናል? ራሴ ሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ። በሰዓት አሥራ ሰባት ጩኸት!

ተላላኪው፦ መቼ ነው የቆጠሩት?

ኃላፊው፦ እኩለ ቀን ላይ።

ተላላኪው፦ የሚጠቡበት ሰዓት ነዋ። እናቶቻቸው ሲዘገዩ ያለቅሳሉ።

ኃላፊው፦ ጥናት ምክንያት አይጠይቅም። ይቆጥራል።

ተላላኪው፦ የእኔም ልጅ እዚያ ነው የምትውለው፤ ሰባት ወሯ ነው። እናቷን ያውቋታል፤ የእርስዎን ፎቅ የምታጸዳዋ ናት።

ኃላፊው፦ (ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ እየጎተተ) ልጅህ ታለቅሳለች?

ተላላኪው፦ ሲርባት።

ኃላፊው፦ እንግዲያው ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ አለችበት። ወይ ግጥምጥም! በመረጃ ደረጃ ተዋውቀናል ማለት ነው።

ተላላኪው፦ ማቆያው ከተዘጋ እናቷ ሥራ መልቀቋ ነው ጌታዬ።

ኃላፊው፦ ታይቷል! ሁሉም ታይቷል። ገጽ ሠላሳ። «ሕፃናቱ ዘመድ ዘንድ ይውላሉ» ይላል።

ተላላኪው፦ እኛ ዘመድ የለንም።

ኃላፊው፦ እንግዲያው «ሌሎች» የሚለው ረድፍ ውስጥ ናችሁ።

ተላላኪው፦ ሌሎችስ ምን ይሁኑ ይላል?

ኃላፊው፦ ሌሎችማ ሌሎች ናቸው! ምን ይሁኑ ይባላል? ረድፉ ሞልቷል፣ ሰንጠረዡ ተዘግቷል። (ይጎትታል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም) ይሄ ደግሞ ምን ነካው?

ተላላኪው፦ ለአንድ ዓመት ቢያቆዩት? እሷም እስክትራመድ... ሌሎቹም እናቶች እስኪያስቡበት።

ኃላፊው፦ አንድ ቀንም አይቆይ! ዛሬ ካልቀረበማ በገዛ ደንቤ ተያዝኩ። «አቅራቢው በሰዓቱ ያልተገኘበት አጀንዳ ለአንድ ዓመት አይነሳም።» ይህን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ለሰነፎች ብዬ ነው ያወጣሁት።

ተላላኪው፦ ጥሩ ደንብ ነው።

ኃላፊው፦ አየህ፣ አልፎ አልፎ ይገባሃል። (እግሩን የስኩተሯ መቆሚያ ላይ አስደግፎ ይጎትታል። ስኩተሯ ትናወጣለች፣ ጎማው ግን ካለበት አይነቃነቅም) እምቢ አለ እኮ! ዳዶው ወጥቷል፣ የሚይዘው ነገር የለም፣ እምቢ አለ!

ተላላኪው፦ ልልቀቅ ጌታዬ?

ኃላፊው፦ ምን ልልቀቅ ልልቀቅ ይላል! ብትለቀው መሪው ታጥፎ አናቴ ላይ ነው የምትወድቀው። ገደልከኝ እኮ! ቁም በቆምክበት!

ተላላኪው፦ ቆሜያለሁ።

ኃላፊው፦ (ጎንበስ ብሎ ጎማውን እንደ ሐኪም በጆሮው ያዳምጣል) ገባኝ። ዝገት አይደለም። ባዶነት ነው።

ተላላኪው፦ ምን?

ኃላፊው፦ ባዶነት! በጎማውና በብረቱ መሀል አየር የለም። አየር የሌለበት ነገር ይሳሳባል። ጽዋ አፍህ ላይ ስትመጥ ይጣበቅብህ የለም? እንደዚያ። ዘይት ያስፈልጋል። የት ነው ዘይቱ?

ተላላኪው፦ ኮርቻው ሥር።

(ኃላፊው የዘይቱን ጠርሙስ አውጥቶ መሀሉ ላይ ያንጠባጥባል፤ አልበቃ ሲለው ይገለብጠዋል። ዘይቱ ጎማውን ታክኮ ሱሪው ላይ ይወርዳል፤ ጫማው ውስጥ ገብቶም ያርፋል። ስልኩ ይጮኻል።)

ኃላፊው፦ (ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ፣ ድምፁን አሳምሮ) አቤት ክቡር ሰብሳቢ! ... የት ነኝ? በር ላይ ነኝ! ... አዎ፣ ዘበኛው ቦርሳዬን እያየ ነው። ... ኧረ ፈታሽ ነው እንዴ ይሄ፣ የማያገላብጠው ነገር የለም። ... እሺ፣ እሺ። (ይዘጋል) ስንት ሰዓት ነው?

ተላላኪው፦ ሰዓት አላስርም። እጄም ፍሬኑ ላይ ነው።

ኃላፊው፦ ሦስት ተኩል አልፏል። (ድንጋይ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ጎማውን ከውስጥ በኩል ይቀጠቅጠዋል) ውጣ! ውጣ አንተ! በሰላም ውጣ!

ተላላኪው፦ ታክሲ ልጥራልዎ እንዴ ጌታዬ? ስብሰባው ከሚያልፍዎ እሱ አይሻልም?

ኃላፊው፦ (ድንጋዩን እንደያዘ ያስባል) ታክሲ... ታክሲማ...

ተላላኪው፦ ጎማውን ለእኔ ይተዉት። ጎሚስታውም ጓደኞቹን ጠርቷል፤ አሁን ሦስት ሆነዋል። ሲሄዱ ቢያዩም ምን ይላሉ? ያው፣ አቃተው ይላሉ እንጂ ሌላ ምን ይላሉ።

ኃላፊው፦ (ወደ ማዶ ያያል። ማዶ ያሉት ሰዎች እጃቸውን ያወዛውዙለታል) አቃተው? እኔን? በዚች ሁለት ክንድ በማትሞላ ጎማ? ታክሲ አልፈልግም! አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ! አንተ እዚያው ቁም፣ እጅህን እንዳታነቃንቅ!

ተላላኪው፦ አላነቃንቅም።

ኃላፊው፦ (ቀበቶውን ይፈታል) ማሽን የሚሸነፈው በጉልበት አይደለም፤ በስልት ነው። ቀበቶውን በጎማው ዙሪያ አስራለሁ፣ ወደ ኋላ ዘምበል እላለሁ፣ የሰውነቴ ክብደት ይሠራል። የእኔ ክብደት ስንት ይመስልሃል?

ተላላኪው፦ ስኩተሯ ታውቀዋለች። ዳገቱ ላይ ስታቃስት ነው የመጣችው።

(ኃላፊው ቀበቶውን ጎማው ላይ ጠምጥሞ ጫፉን በሁለት እጁ ይይዝና ወደ ኋላ ይንጋለላል። ጎማው አይመጣም። ሱሪው ግን በቀስታ ወደ ታች መምጣት ይጀምራል።)

ኃላፊው፦ ሱሪዬን! ሱሪዬን ያዝልኝ!

ተላላኪው፦ እጄ ፍሬን ላይ ነው ጌታዬ። እሱን ልልቀቅና ሱሪውን ልያዝ?

ኃላፊው፦ አትልቀቅ! ማንንም አትያዝ! ምንም አታድርግ! (በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በአንድ እጁ ቀበቶውን ይዞ) እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ረዳት ተብሎ የሚሰጠኝ! አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ባለፈው ግምገማ ላይ ስለ አንተ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቃለህ?

ተላላኪው፦ አውቃለሁ። ኮፒ ያደረግሁት...

ኃላፊው፦ አንተ ነህ! ምን ይላል?

ተላላኪው፦ «ታዛዥ ነው፤ ከመታዘዝ በቀር ሌላ ችሎታ አልታየበትም።»

ኃላፊው፦ ተሳሳትኩ?

ተላላኪው፦ ኧረ አልተሳሳቱም።

(ስልኩ ይጮኻል። ኃላፊው ሱሪውን በጉልበቶቹ ቆንጥጦ ስልኩን ያነሳል፤ በሌላው እጁ ጎማውን በድንጋይ መምታቱን አላቆመም።)

ኃላፊው፦ አቤት! ... ጀመራችሁ? ... ሊፍት ውስጥ ነኝ፣ ሊፍት ውስጥ! ... ያ የሚሰማው? ሊፍቱን እየጠገኑት ነው። ... አይ፣ እኔ ውስጥ እያለሁ ነው የሚጠግኑት! ... ምን ላድርግ፣ አሠራራችን እንዲህ ነው! የእኔን አጀንዳ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ እባካችሁ፣ ደርሻለሁ! (ይዘጋል) አራት ሰዓት ሞላ። ና፣ ንገረኝ እስቲ፤ አንተ ይህን ጎማ ከዚህ በፊት ፈትተህ አታውቅም?

ተላላኪው፦ ብዙ ጊዜ።

ኃላፊው፦ ታዲያ እንዴት ነበር የሚወጣልህ?

ተላላኪው፦ ዳዶውን እፈታለሁ፣ ከዚያ በሁለት ጣቴ ሳብ አደርገዋለሁ።

ኃላፊው፦ በሁለት ጣት!

ተላላኪው፦ አንዳንዴ በእግሬ ነካ አደርገዋለሁ።

ኃላፊው፦ (ከት ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ለቅሶ ለቅሶ ይላል) ውሸታም! እኔ ድንጋይ፣ ዘይት፣ ቀበቶና ሳይንስ ይዤ አንድ ሰዓት ሊሆነኝ ነው፤ እሱ በሁለት ጣት! ሥራ የማያውቅ ሰው መቼም ሁሉም ነገር ቀላል ይመስለዋል።

ተላላኪው፦ እኔ ፍሬኑን ሳልይዝ ስለምሠራ ይሆናል።

ኃላፊው፦ ለዚህ ነዋ የማታውቀው! ዘጠኝ ዓመት በተሳሳተ መንገድ ስትፈታው ኖረሃል! ጥብቅ አድርገህ ያዝ!

(በዚህ ቦታ ላይ ኃላፊው ጎማው ሥር በጀርባው ተንጋሎ በሁለት እግሩ ይገፋዋል። ከረባቱ ዘይት ነክሯል። ሸሚዙ መጋዘን የተጠረገበት ጨርቅ መስሏል። ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ አንዴ ጎማውን ይሳደባል፣ አንዴ የሠራውን ፋብሪካ፣ አንዴ ሰማዩን። ተላላኪውን ደግሞ በየመሀሉ። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ይጮኻል፤ ኃላፊው ተንጋሎ እንዳለ ያነሳዋል።)

ኃላፊው፦ አቤት! በሩን እየከፈትኩ ነው! እጀታውን ይዣለሁ! ... ምን? ... ምን ማለት ነው ተሰረዘ? ... አራት ከሩብ? እንዴት አራት ከሩብ ይሆናል? ... የማን ደንብ? ... አዎ፣ እኔ ነኝ ያረቀቅሁት፣ ግን እኮ ለሌላ ሰው ነው! ... ለአንድ ዓመት? ... ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡር... (ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ያየዋል) ዘጋው። እኔ ላይ ዘጋው።

(ኃላፊው ተነስቶ ይቀመጣል። ጀርባውን ለስኩተሯ ሰጥቶ፣ ጎማውን በብብቱ አቅፎ፣ ወደ ማዶ ፍዝዝ ብሎ ያያል።)

ተላላኪው፦ አለቀ ጌታዬ?

ኃላፊው፦ አለቀ። የሠላሳ ስምንት ገጽ ጥናት ገደል ገባ። ሳሎኑ ቀረ። አሥራ ሰባቱ ጩኸት ሌላ ዓመት ሊጨርሱብኝ ነው። ተወው። ልቀቀው፣ ሁሉንም ልቀቀው።

ተላላኪው፦ ፍሬኑንም?

ኃላፊው፦ የምን ፍሬን?

ተላላኪው፦ የኋላውን። «እኔ ሳልልህ እንዳትለቅ» ያሉኝን።

(ማዶ ያለው ጎሚስታ እንኳ በርጩማውን አስጠግቷል።)

ኃላፊው፦ (ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኖ) ልቀቅ።

(ተላላኪው ጣቶቹን አንድ በአንድ ይፈታል። ጎማው ማንም ሳይጎትተው ሸርተት ብሎ ይወጣና ኃላፊው ጭን ላይ ቁጭ ይላል። ማዶ ጭብጨባ ይሰማል።)

ኃላፊው፦ አንተ... አንድ ሰዓት ሙሉ ጨብጠኸው ነበር?

ተላላኪው፦ አንዴ ብቻ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኃላፊው፦ እኔ እዚህ ስሞት! ስጎትት! ስቀጠቅጥ! አንተ እዚያ ማዶ ሆነህ ይዘህብኝ!

ተላላኪው፦ ልልቀቅ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ እኮ።

ኃላፊው፦ ሪፖርት አደርግሃለሁ! ሥራ በማሰናከል! ዛሬውኑ ከደመወዝ መዝገቡ ላይ ስምህን አስፍቀዋለሁ!

ተላላኪው፦ እሺ ጌታዬ። እንዴት ነው ያሰናከለው ቢሉዎትስ?

ኃላፊው፦ ፍሬን ይዞ!

ተላላኪው፦ እርስዎስ ያኔ ምን እያደረጉ ነበር ቢሉ?

ኃላፊው፦ ጎማውን እየጎተትኩ!

ተላላኪው፦ ፍሬኑ የተያዘውን?

ኃላፊው፦ ፍሬኑ... (ዓይኑ ወደ ፍሬኑ መያዣ ይሄዳል)

ተላላኪው፦ ያዝ ያለው ማን ነው ብለውም ይጠይቃሉ። ኮሚቴው ዝርዝር ይወዳል፤ እርስዎ ነዎት ያስለመዱት። እኔ ደግሞ ከተጠየቅሁ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ታዛዥ ነኝ። ቀበቶውም ላይ ይደርሳሉ። ሱሪውም ላይ።

ኃላፊው፦ ሱሪው አይነሳም!

ተላላኪው፦ እኔማ አላነሳውም። እነሱ ካነሱት ነው።

(ኃላፊው ጎማውን ከጭኑ ያወርዳል። ከዚያ እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ቦርሳውን ይከፍታል።)

ኃላፊው፦ ወረቀት አለኝ። ዝም በል፣ እየጻፍኩ ነው። (እየጻፈ፣ እያነበበ) «በጉዞ ላይ ድንገተኛ የቴክኒክ ብልሽት ደረሰ። ብልሽቱ ከሰው አቅም በላይ ነበር። ተላላኪው በዚህ ጉዳይ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሊጠየቅም አይገባም።» ይህ ይበቃል። ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለም፤ ሰማህ? እኔም የለሁበትም፣ አንተም የለህበትም። ጎማው ነው።

ተላላኪው፦ ጎማው ነው። ይፈርሙበታል?

ኃላፊው፦ ይኸው ፈረምኩ።

ተላላኪው፦ ማህተሙስ?

ኃላፊው፦ ማህተም ምን ያደርግልሃል?

ተላላኪው፦ ያለ ማህተም ወረቀት ወረቀት አይደለም ይሉ የለ እርስዎ? ቦርሳዎ ውስጥ ነው፤ ከሰማያዊው ብዕር አጠገብ።

(ኃላፊው እየተነጫነጨ ይመታለታል። ተላላኪው ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ኪሱንም ይቆልፋል። ከዚያ ተለዋጩን ጎማ ያነሳና በአንድ እጁ ያስገባል። የፍሬኑን መያዣ በኃላፊው ቀበቶ ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ ዳዶውን ብቻውን ያጠብቃል። ሁሉም አራት ደቂቃ አልፈጀም። ኃላፊው ዓይኑ እያየ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል።)

ኃላፊው፦ ቀበቶዬን።

ተላላኪው፦ ይኸው ጌታዬ። ይውጡ፣ እንሂድ። (የተነፈሰውን ጎማ ከኋላ ሊያስር ሲል ቆም ይላል) ቆይ አንዴ፤ ይህን ሳልረሳ።

(ከመሣሪያው ከረጢት ፒንሳ አውጥቶ፣ ከጎማው ላይ አንድ ወፍራም ሚስማር ይነቅላል። በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፣ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ መጣመም አለመጣመሙን ያያል።)

ኃላፊው፦ ምንድን ነው እሱ?

ተላላኪው፦ ሚስማር።

ኃላፊው፦ (ፊቱ ትንሽ ይፈካል) አላልኩህም? መንገዱ በሚስማር የተሞላ ነው! ይህን የሚጠርግ አካል የለም! በሚቀጥለው ጥናቴ... ምን ታገላብጠዋለህ፣ ወርውረው እንጂ!

ተላላኪው፦ አይወረወርም ጌታዬ፣ የሰው ነው።

ኃላፊው፦ የዛገ ሚስማር የማን ይሆናል?

ተላላኪው፦ የማቆያው ግድግዳ ሚስማር ነው። ዛሬ ጠዋት ነቅላ የሰጠችኝ ሚስቴ ናት። ይዤው ካልተመለስኩ የልጅቷ ኮፍያ የሚሰቀልበት የለም።